የኋለኛው ረድፍ

ሀጂራ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. ስለ ግርሻ ትኩሳት አዲስ የምርመራ ዘዴ የተሠራውን ጥናት ለእንግዶች እንድታቀርብ ታዘዘች። ዘዴውን ያወጡትና ጥናቱን የመሩት ዶክተር መሸሻ ነበሩ፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገርንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

"አትሩጪ። ለአንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ ይበቃዋል። የማታውቂውን ከጠየቁሽ አላውቅም በይ" ይሏት ነበር። ስትለማመድ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡና፣ በተቻኮለች ቁጥር ወንበሩን በእርሳስ ሁለቴ ይመታሉ።

ጥቅምት ላይ ሁለት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ መጥተው ዶክተሩን ወሰዷቸው። ወዴት ብሎ የጠየቀ የለም።

"ስማቸውን እንዳታነሺ። ጥናቱ የተቋሙ ነው፣ በቃ" አላት የተቋሙ ኃላፊ።

ሀጂራ በምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን መለማመድ ጀመረች። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስትፈጥን ከኋላ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እንጨቱ ነው ብላ ራሷን አረጋጋች። ቀስ ብላ ስትናገር ድምፁ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ዘበኛውን አባባ ጉታን እንዲያዳምጧት ለመነቻቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"ጎበዝ ልጄ። ግን እኚያን ሰውዬ ለምን ከኋላ ብቻቸውን አስቀመጥሻቸው?"

"የትኛውን ሰውዬ?"

አባባ ጉታ ዞር አሉ። ባዶውን ረድፍ ሲያዩ የአዳራሹን ቁልፍ እጇ ላይ ጥለው ወጡ።

የዝግጅቱ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ የኋለኛው ረድፍ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ሀጂራ ሳትቻኮል ጨረሰች። አንድ እንግዳ እጁን አወጣ።

"ይህን የምርመራ ዘዴ ማን ነው ያወጣው?"

ኃላፊው እንዳትናገር ራሱን ነቀነቀባት። አላውቅም ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ታውቃለች።

"ዶክተር መሸሻ ናቸው" አለች ጮክ ብላ።

ከሰዓት በኋላ መጥተው ወሰዷት፤ አሥራ አንድ ቀን አስረው ለቀቋት። ተቋሙም ወደ ላቦራቶሪው አልመለሳትም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት መደባት።

በተፈታች ማግስት የዶክተሩ ባለቤት ወይዘሮ ዘርትሁን አዲሱ ገበያ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ አገኟት።

"ስሙን ሰው ፊት ጠራሽው አሉ" አሏት።

"አዎ።"

"እኔ ልጆቼ ፊት እንኳ መጥራት ፈርቼ ነበር።"

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ሁለቱም አልተሳፈሩም። ወይዘሮ ዘርትሁን ክንዷን ይዘው፣ ባላቸው ተማሪ ሳሉ ሰው ፊት መናገር ምን ያህል ያስፈራቸው እንደነበር ይነግሯት ጀመር።