ቀኝ እግር በበረዶ፣ ግራ እግር በሙቅ ውሃ

ፀጉር አስተካካዩ በሃምሳ ዓመቱ ብረት ማንሳት የጀመረው በአንድ ደንበኛ ምክንያት ነው። ሰውየው በመስታወቱ እያየው፣ "ክንድህ እኮ ከማበጠሪያህ ቀጠነ" አለው። ቀልድ ነበር። እሱን ግን ከነከነው፤ ሱቁን እንደዘጋ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ጂም ሄደ።

አሰልጣኙ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ ወጣት ነው። ብረት ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ ሲያሰኘው አመሸ። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ከአልጋው ልነሳ ቢል እግሮቹ የሌላ ሰው ሆኑበት። ደረጃውን በቂጡ እየተንፏቀቀ ወርዶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ለአቤቱታ ጂም ደረሰ።

"አይዞዎት ጋሼ፣ መድኃኒቱ በረዶ ነው" አለው አሰልጣኙ። "ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ሕመሙ ይሸሻል። ችግሩ ገንዳ የለንም።"

ገንዳ ስለሌለ ከጎን ወዳለው አሳ ሻጭ ወሰደው። አሳ ሻጩም ሰው አክባሪ ነውና፣ "ቦታማ አይጠፋም" ብሎ አሳዎቹን ወደ አንድ ጥግ ጠጋ ጠጋ አደረገለት።

ፀጉር አስተካካዩ የበረዶው ሳጥን ውስጥ እስከ ደረቱ ተቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱ ሲንገጫገጭ፣ ከበላዩ አንድ የሚያውቀው ድምፅ "ይሄኛው የዛሬ ነው?" ሲል ሰማ። ዓይኑን ቢገልጥ ሚስቱ ዘንቢል ይዛ ቆማለች።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እያ... እያገገምኩ ነው።"

"ከምኑ? ከመኖር?"

ሚስቱ ልብስ አጣቢ ናት፤ የአንድ ትልቅ ሆቴል አንሶላ በሙሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ወደ አሰልጣኙ ዞረችና፣ "ስማ አንተ ልጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቅ ነገር የለም። እድፍም ሕመምም የሚለቀው በሙቅ ነው" አለችው።

"እትዬ፣ ጋሼ እኮ አንሶላ አይደሉም።"

"አሳም አይደለም!"

ጭቅጭቁ ገበያውን ሲበትንበት አሳ ሻጩ መላ አመጣ፤ አንዱ እግር ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ይሁን። በዚሁ ተስማሙ። ማታ ቤት ውስጥ አልጋው ሥር ሁለት ሳፋ ቀረበ። አሰልጣኙ በቀኙ በኩል በረዶ ይጨምራል፤ ሚስቱ በግራው በኩል ከማንቆርቆሪያ ታንቆረቁራለች። አንዱ እግር እንደ ቲማቲም ቀላ፣ ሌላው ጠቆረ። ባለ እግሩን ምን ይሰማሃል ያለው የለም። መሃል ላይ ተጣሞ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው።

ጠዋት ሚስቱና ተመልሶ የመጣው አሰልጣኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተሰይመው ጠበቁት።

"እህ፣ የትኛው ነው የሚያምህ?" አለች ሚስቱ።

ቀኙን ዘረጋ፣ ግራውን ዘረጋ። እኩል ያማሉ። ያንን እንዳይናገር የሁለቱም ፊት አስፈራው። ደግነቱ ከሁለቱ እግሮቹ የባሰ የሚያመው ቦታ አገኘ።

"ወገቤን" አለ።



"ወገብ ደግሞ በረዶ ይወዳል" አለ አሰልጣኙ ቀስ ብሎ።

"ወገብማ ያለ ትኩስ ፎጣ አይሆንለትም!" ብላ ሚስቱ ብድግ አለች።

እነሱ ሲከራከሩ ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን በእጁ ይዞ ሹልክ አለ። ሱቁ እንደደረሰ መቆም አቃተው፤ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ራሱ ቁጭ አለና ደንበኞቹን እግሩ ሥር መሬት ላይ እያስቀመጠ ላጫቸው። ምን ሆንክ እንዳይሉት ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል።

ከጥቂት ቀን በኋላ እግሮቹ በራሳቸው ጊዜ ዳኑ። አሰልጣኙ "አላልኩም?" አለ። ሚስቱም "አላልኩም?" አለች። ለሁለቱም "ብለሻል፣ ብለሃል" አላቸውና፣ ቀለል ያለ ብረት ለማንሳት ወደ ጂሙ ተመለሰ።