የበቅሎ ነጋዴው የቁም ተዝካር

እንዳላማው የበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ያውም ስሙ የተጠራ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን "የእንዳላማው በቅሎ ናት" ከተባለ ገዢው ጥርሷን ለማየት አፏን አያስከፍትም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እንዳላማውም እስካሁን ለጣሊያን በቅሎ ሲያቀርብ ከርሟል። ሰው ሲያሽሟጥጠው "እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የመንግሥትን ነገር የት አውቄ!" ይላል።

ኅዳር ላይ ግን ይህችው ንግግር ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች። እሱ በሸጣቸው በቅሎዎች ተጭኖ የወጣው መትረየስ በሉማሜ በኩል የፊታውራሪ አንሙትን አገር ፈጀ፤ በሳምንቱ ደግሞ በደብረ ኤልያስ በኩል የግራዝማች ሙላትን። ሁለቱም አርበኞች ናቸው፤ ሁለቱም ጀግኖች። ግን "ተኩሱን እየሰማህ አልደረስክልኝም" ተባብለው ተኳርፈዋል፤ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ በደኅና አያነሳም። እንዳላማው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ።

አሁን ደግሞ የከተማውን የጣሊያን ጦር የሚያዘው ካፒቴን ለመጪው ረቡዕ ስልሳ በቅሎ አዘዘ። ስልሳ በቅሎ ምን እንደሚሸከም ለእንዳላማው መንገር አያስፈልግም። ሁለቱ ሰዎች ከረቡዕ በፊት ካልታረቁ ጦሩ እንደለመደው አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ታዲያ የት ይገናኙ? አንዱ የሌላውን አገር አይረግጥም። በከተማው ደግሞ ሦስት ሰው አብሮ ከቆመ ያስጠይቃል።

ሐሳቡ ድንገት የመጣለት በቅሎ ሲያስጭን ነው። የቁም ተዝካር! በአገሩ ወግ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሚያወጣለትን ድግስ ከፈለገ በቁሙ ራሱ ደግሶ ማብላት ይችላል። ተዝካር ላይ ደግሞ ካህኑም፣ መነኩሴውም፣ ነዳያኑም ይመጣል፤ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው የለም። እንዳላማው ብቻውን በደስታ አጨበጨበ።

ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ ካፒቴኑ ነገሩ በአስተርጓሚ ሲነገረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ሳትሞት የራስህን ሐዘን ልትበላ? ይህንንማ ማየት አለብኝ። እኔም እመጣለሁ!"

እንዳላማው የፊቱ መለወጥ እንዳይታይበት መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ። ሚስቱ ወለተ ኪዳን ወሬውን ስትሰማ የያዘችውን ማማሰያ ጣለችው።

"እሰይ! ጠላትም ወዳጅም በአንድ ዳስ! አንቱ ሰውዬ፣ ተዝካሩ የምርዎ እንዳይሆን!"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳሱ ጢም አለ። ካፒቴኑ ከነአስተርጓሚው ላይኛው ወንበር ላይ ተሰየመ። እንዳላማው በምስጢር የላከባቸው ሁለቱ አርበኞች እንደ መነኩሴ ቢጫ ልብስ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ ሽጉጣቸውን ከውስጥ ሸጉጠው በጓሮ ገቡ። ወለተ ኪዳን የጠጅ ጋን ወደተደረደረበት ጓዳ አስገባቻቸው።

ይህን ሁሉ ያሰላ ሰው አንዲት ነገር ረስቷል። ጓዳው ውስጥ ያስቀመጠው መቀመጫ አንዲት ዱካ ብቻ ናት!

ሽማግሌው ፊታውራሪ አንሙት ዱካዋን አይተው፣ "ይህቺ ለማን ናት?" አሉ።

"ለእርስዎ ነዋ!" አለ ሙላት፤ ገና ወጣት ነው፣ ትኩስ። "መቼም መቅደም ይወዳሉ። ሰው ሲቃጠል ለመድረስ ብቻ ነው የሚዘገዩት።"

እንዳላማው ዱካዋን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋት። በቃ፣ ሁለቱም ቆመው ቀሩ፤ ቆመውም ተጨቃጨቁ። የረቡዕን ነገር ነገራቸው፣ ለመናቸው። አንሙት "ጦሩን የምመራው እኔ ነኝ" ይላሉ፤ ሙላት "ከሞትኩ በኋላ" ይላል። በመሀል ወለተ ኪዳን አንገቷን ብቅ አደረገች።

"ካፒቴኑ ባለ ድግሱ የታለ እያለ ነው!"

እንዳላማው ወደ ዳሱ ሮጠ። ጠጅ ቀዳ፣ ሳቀ፣ ካህናቱን "ብሉልኝ" ብሎ ለመነ፣ ተመልሶ ሮጠ። ጓዳ ሲገባ ሙላት ወደ እሱ ዞረ።

"ያንተ ሽምግልና ደግሞ! በበቅሎህ የመጣው መትረየስ አይደለም እናቴን የገደላት?"

"የእኔንም ሰባት ሰው" አሉ አንሙት።

እንዳላማው አንገቱን ደፋ። አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ግን ሃያ ዓመት ገዢና ሻጭ ሲያስማማ የኖረ ሰው ነውና አንድ ነገር ጆሮው ውስጥ ገባ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከመጡ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የእሱ በደል ነው!

ጥግ ላይ ከወፍጮው የወረደ መጅ ነበር። ድንጋዩን አንሥቶ አንገቱ ላይ ጫነና ተንበረከከ፤ በአገሩ በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው።

"እውነት ነው። የበደልኩት ሁለታችሁንም ነው። ግማሽ ይቅርታ አልፈልግም። ካወረዳችሁልኝ አብራችሁ አውርዱልኝ፤ ያለዚያ አንገቴ እዚሁ ይሰበር።"

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ድንጋዩ ከበደ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከውጭ የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ወለተ ኪዳን "ጌታዬ፣ ጓዳ ነው፣ ሴቶች አሉ!" እያለች ስትከላከል ይሰማል። በሩ ተከፈተ። ካፒቴኑ!

የሙላት እጅ ወደ ብብቱ ገባ።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ተከትሎት የገባው አስተርጓሚ፣ የካፒቴኑን ጥያቄ እያስተላለፈ።

"ንስሐ ነው፣ ጌታዬ" አለ እንዳላማው ከድንጋዩ ሥር። "በቅሎ ስሸጥ ሰው በድያለሁ። አባቶች ይቅር እንዲሉኝ እየለመንኩ ነው።"

ካፒቴኑ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "እኔንም ሳትበድለኝ አልቀረህም! እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። እነዚህ መነኮሳት ምን ይጠብቃሉ? ያውርዱለትና ወደ ገበታው ይመለስ!"

አንሙት ሙላትን አዩት። ሙላትም አንሙትን። ሽማግሌው ድንጋዩን በአንድ በኩል ያዙ፤ ወጣቱ እጁን ከብብቱ አውጥቶ በሌላው በኩል ያዘ። አብረው አነሡት።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ በአንድ ድምፅ፤ ሙላት ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ካፒቴኑ አጨብጭቦ ወደ ጠጁ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ጦሩ ረቡዕ የሚያልፍበትን መንገድ በግራ አንሙት፣ በቀኝ ሙላት ሊይዙ ተስማሙ፤ ስልሳውም በቅሎ ለጣሊያን መሆኑ ቀርቶ ለአርበኛው እንዲሆን ተወሰነ። የሁለቱን ጦር ማን ያዛል የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን እንደገና ተፋጠጡ።

"እኔ የሙላትን ሰው አላምንም፤ እሱም የእኔን" አሉ አንሙት። "አንተን ግን ሁለታችንም ይቅር ብለንሃል። የጋራ ምክር ቤት እናቁም፤ ሰብሳቢው አንተ ሁን።"

"እኔ? ጠመንጃ ተኩሼ የማላውቅ?"

"ተኳሽ ሞልቷል" አለ ሙላት። "የጠፋው እኛን አንድ ላይ የሚያውል ነው። ና፣ እንሂድ።"

አሁኑኑ! ሱቅ የለ፣ ቤት የለ፣ መሰናበት የለ። እንዳላማው ወደ ሚስቱ ዞረ። ወለተ ኪዳን መቀነቷን አጥብቃ፣ ስንቅ አዝላ በሩ ላይ ቆማለች፤ በቅሎዎቹንም ከመስኩ ካስነሣች ቆይታለች።

"ምን ያዩኛል? እኔ እዚህ ቀርቼ ማንን ልጠብቅ ነው?" አለችው።

ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብታ፣ ባለ ተዝካሩ ከአባቶች ጋር ገዳም ለጸሎት ሊወጣ፣ እሷም ልትሸኘው እንደሆነ አስታወቀች። ዳሱ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። እንዳላማው ከሁለቱ መነኮሳት መሀል ሆኖ በእኩለ ቀን፣ በሕዝቡ መካከል አለፈ። "ነፍስ ይማር!" አለው ሰው ሁሉ፣ እንደ ወጉ። ካፒቴኑም ወግ እንዳይቀርበት ባርኔጣውን አወለቀና አስተርጓሚውን ቃሉን ጠየቀው።

"ነፍስ ይማር" አለ በተኮላተፈ አንደበት።

"አሜን!" አለ እንዳላማው፤ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።