የማይሸት ጋዝ

የባሌ ታላቅ ወንድም ዴሱን፣ በሟቹ ባሌ መቃብር ላይ ክብሪት አስይዞኝ አያውቅም። በየጸደዩ መቃብር ሊጠርግ ቤተሰቡ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ሳሩን አጭዳለሁ፣ ሥጋውንና አረቄውን እደረድራለሁ። ሻማውንና ለሙት የሚቃጠለውን ወረቀት የሚለኩሰው ግን እሱ ነው። እጄን ስዘረጋ «ተይ አንቺ፣ አፍንጫ የለሽም» ይለኛል፣ ልጄ እየሰማች።

እዚህ ዚጎንግ ከተማ ጨዋማውን ውሃ ከጉድጓድ አውጥተን፣ ከምድር በሚወጣ ጋዝ እያፈላን ጨው እናወጣለን። የድሮው ጉድጓዳችን ጋዝ እንደ ገማ እንቁላል ይሸት ነበር። ካልሸተተ ጋዝ የለም፤ ስናድግ የምናውቀው ይህንኑ ነው።

ያ ጉድጓድ ነጠፈና ቱቦውን ከአዲስ ጉድጓድ ጋር ቀጠሉት። ምሳ ይዤ ባሌ ወደሚሠራበት ጨው ቤት ስገባ የምድጃዎቹ እሳት ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ባሌ ዪንግሻን ጉንፋን ይዞታል።

«ጋዙ መጣ እንዴ? እስቲ አሽትችልኝ፣ የኔ አፍንጫ ተደፍኗል» አለኝ።

አሸተትኩ። «አልመጣም» አልኩት።

«እንግዲያው አንድ ሲጋራ ላጭስ።»

ደጅ የቆመው ዴሱን ሰምቶናል። ወጥቼ መንገዱን ሳልሻገር የጨው ቤቱ ጣሪያ በፍንዳታ ተነሳ፤ ባሌ ውስጥ ነበር።

አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። የጨው ቤቱ ተዘጋ፣ ዴሱን የአሳማ ሥጋ መሸጥ ጀመረ፣ እኔም ልብስ አጥባለሁ።

አምና ለሰፈራችን የከተማው ጋዝ ገባ። ምድጃዬን የገጠመችው የጋዝ ሠራተኛ ትንሽ ለቀቅ ስታደርገው ሸተተኝ፤ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«አይዞዎት እናቴ፣ ሽታውን እኮ እኛ ነን የምንጨምረው» አለች እየሳቀች። «ጋዙ አብዛኛው ሚቴን ነው፣ ሚቴን አይሸትም።»

«የድሮው ጉድጓዳችን ይሸት ነበር።»

«ድኝ ያለበት ነገር ተቀላቅሎበት ነዋ! ከሌላ ጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ ከመጣ፣ አፍንጫዎ ሥር ቢሆን አያውቁትም።»

ሻይ ቀዳሁላት። ስትሄድ ስኒዋን አጠብኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ለዴሱን ነገርኩት። «ጋዝ ጋዝ ነው!» አለ ቢላዋውን እየሳለ። «የማይሸት ጋዝ ያለው አንቺ አፍ ውስጥ ብቻ ነው።» ገዢዎቹ ሳቁ።

ዘንድሮ መቃብር የሚጠረግበት ቀን ሲደርስ ከሱ ከራሱ የአሳማ ፊኛ ገዛሁ።

«ለምንሽ ነው?»

«ለኳስ።»

«በዚህ ዕድሜሽ!»

አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ አፉ ላይ ቀጭን ቀርከሃ አሰርኩ። ያ አዲሱ ጉድጓድ ዛሬም ይሠራል። ጠባቂው ሽማግሌ የዪንግሻን ጓደኛ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቀኝ ፊኛውን ጋዝ ሞላልኝ። የቀርከሃውን ጫፍ በጭቃ ደፈንኩት።

መቃብሩ ላይ ሁሉም ቆሞ እያለ ጭቃውን አነሳሁና በዴሱን አፍንጫ ሥር ፊኛውን ጨመቅ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ ያሽትቱ።»

«ምኑን? ንፋስ ነው።»

«ደህና አድርገው ያሽትቱ። ጉንፋን ይዞዎታል?»

«አልያዘኝም! ምንም የለውም ብዬሻለሁ።»

ጭቃውን መልሼ ደፈንኩና «ክብሪቱን ይስጡኝ» አልኩት።

አልሰጠኝም። ከእጁ ወሰድኩት። ከሰዎቹ ራቅ ብዬ ጭቃውን አነሳሁ፣ ክብሪቱን ጫርኩ። ቀርከሃው ጫፍ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ፣ ቆመ። ዴሱን አንድ እርምጃ አፈገፈገ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ። እኔም ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝም።

በዚያው እሳት ሁለቱንም ሻማ ለኮስኩ፣ ከዚያ የባሌን ወረቀት።