ምስጉን ነው ያልኩት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሒሳብ መምህሩ ሥራውን ሊለቅ መሆኑን ዘበኛው ሰምቶ፣ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ሰምታ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ተቀባብለውት ካበቃ በኋላ ነው ወሬው ዳይሬክተሯ ዘንድ የደረሰው። እሱም ቢሆን ሰውየው ራሱ ቢሮዋ ገብቶ ባይነግራት ኖሮ እስከ ዛሬም አትሰማም ነበር።

«ከዚህ ወር በኋላ አልመጣም» አላት፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «የእህቴ ባል መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቶልኛል። ካርቶን ሲገባና ሲወጣ ማየት ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ይህን ሰው ልጆቹ «ቲቸር እንደገና» ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ተማሪ አለ ብትሉኝ አላምንም። ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሳሳት አይቆጣም፣ አያንጓጥጥም። ልጁ የሳተባትን ቦታ በጣቱ ነካ ያደርጋታል፣ ከዚያ በታች ያለውን በዳስተር ጠረግ ያደርግና «እንደገና» ይላል። አሁንም ከተሳሳተ አሁንም እንደገና ነው። ደወሉ ቢጮህ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ቢደበድበው፣ ውጭ ኳስ ጨዋታ ቢደምቅ፣ እሱ ወይ ፍንክች። በዚያ ጣሪያው በሚያፈስ፣ አራት ልጅ በአንድ ዴስክ በሚጋፋበት መካከለኛ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ፈተና የሚያልፉት በዚህ ሰው ጣት ነው። ይህን ወላጅ ያውቃል፣ ዘበኛውም ያውቃል። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው የማያውቀው።

«ምን አጎደልንብህ?» አለችው ዳይሬክተሯ፤ ብላም አፈረች። ያልጎደለውን ቢቆጥርላት ይቀለው ነበር።

«ስለ ደመወዝ አይደለም፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ቆም ብሎ ‹ደግ አደረግህ› ያለኝ የለም። ልጅ ሲወድቅ እኔ ነኝ የምጠራው። ሲያልፍ ‹ልጁ ጎበዝ ነው› ይባላል። ጎበዝም ነው፣ አልዋሽም። ግን እኔም ሰው ነኝ።» ይህን ያህል መናገሩ ራሱንም አሳፈረው መሰለኝ፣ የኮፍያውን ጠርዝ ማዟዟር ጀመረ።

እሷም አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ደህና ሠራተኛ እንደ ደህና በር ነው፤ እስካልተንቋቋ ድረስ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

«ትንሽ ታገሠኝ» አለችው በመጨረሻ። «የእህትህን ባል ትንሽ ይጠብቀኝ በለው። እኔ ነኝ የምልህ።»

«እርስዎ ካሉማ ይሁን» አለና ወጣ።

ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ለመካከለኛ ትምህርት ቤቶች ምስጉን ርዕሳነ መምህራንና ምስጉን መምህራን እያለ ሽልማት ይሰጣል። ዳይሬክተሯ በማግስቱ ሄዳ ኃላፊው ፊት ተቀመጠች። ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩነቱ ግን ከወንበሩ አያስነሳውም።

«ዘንድሮ የመምህር ሽልማት ተራው የእናንተ ትምህርት ቤት አይደለም» አላት።

«ሽልማት በተራ ነው እንዴ?»

«ማንም ቅር እንዳይለው ብለን ነው። ለከርሞ ያዘጋጁልን።»

ላም አለኝ በሰማይ። ለከርሞ ሰውየው ካርቶን ሲያይ ነው የሚከርመው። ተመልሳ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሄደች፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ገላዋን እስኪለምደው ተመላለሰች። ስትመላለስ «እኔም እንደገና ሆንኩ» እያለች ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር። በስተመጨረሻ ኃላፊው ወይ አዘነላት፣ ወይ ሰለቻት።

«እሺ፣ ይጨመርልዎት» አላት። «እርስዎም እኮ ዘንድሮ ከርዕሳነ መምህራን ተመርጠዋል፣ ሳልነግርዎ። የእርስዎን ዋንጫ እኛ እናሠራለን። የመምህሩ ግን ድንገት የመጣ ስለሆነ ራስዎ ያሠሩ።»

የራሷን ሽልማት ከቁብም አልቆጠረችው። በሩጫ በሚመስል እርምጃ ተመልሳ የስምንተኛ ክፍልን በር አንኳኳችና መምህሩን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ ነገረችው። ሰውየው ጠመኔ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ።

«ባለቤቴን ይዣት ብመጣ ይቻል ይሆን?» አለ።

«ምን ጥያቄ አለው፣ ፊት ወንበር ላይ ነው የማስቀምጣት።»

«እንግዲያው ለእህቴ ባል ይቅርብኝ እለዋለሁ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ። የዳይሬክተሯ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ከኋላዋ «እንደገና» ሲል ሰማችው፤ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ዳይሬክተር ከመሆኗ በፊት የአማርኛ መምህርት ነበረች። ያውም እንዴት ያለች። ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ የጻፈ ተማሪ ከእሷ እጅ በደህና አይወጣም። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ስታይ እንኳ ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶ የምታወጣ ናት። የወረቀት ስህተት ከእሷ አያመልጥም። በስልክ ግን ቀይ እስክሪብቶ የለም።

ዋንጫ ላይ ጽሑፍ ለሚቀርጸው ሰውዬ የደወለችው በእረፍት ሰዓት ነው። ከመስኮቷ ሥር ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ በዚያኛው ወገን የሰውየው ማሽን ይፈጫል።

«የዓመቱ ምስጉን መምህር ብለህ ጻፍልኝ» አለች እየጮኸች።

«የዓመቱ ምን?»

«ምስጉን፣ ምስጉን መምህር!»

ሰውየው ቃሉን መልሶ ጠየቃት። በዚያ ጫጫታ መሃል ጆሮዋ የደረሰው «ምስ» እና «መምህር» ብቻ ነው።

«አዎ፣ እሱኑ። በትልቁ ጻፈው» ብላ ዘጋችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ዋንጫው የደረሰው በሽልማቱ ቀን ጠዋት ነው፤ በካርቶን ታሽጎ፣ በሰማያዊ ሪባን ታስሮ። ፈታ ብታየው ምን ነበረበት? ሪባኑ ያምራል፣ እንዳይበላሽ ብላ አልነካችውም። እንደታሰረ ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አስረከበችው።

አዳራሹ የላስቲክ አበባና የላስቲክ ወንበር የሞላበት ነው። ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ ሌላ ንግግር። መምህር የአገር ሻማ ነው ተባለ። ይህ ነገር በየዓመቱ ይባላል፤ ሻማ ነድዶ እንደሚያልቅ ግን ተናጋሪዎቹ የሚያስቡት አይመስለኝም። የሒሳብ መምህሩ ክርኑ ላይ የተጣፈች ኮቱን አስተኩሶ ለብሷል፣ ኮፍያውን ቤት ትቶታል። ባለቤቱ አጠገቡ ናት፤ አንገቷን መለስ ቀለስ እያደረገች ማን ማን እንደሚያያቸው ታያለች። ዳይሬክተሯ ከኋላቸው ተቀምጣ የሰውየውን ማጅራት ስትመለከት አንድ ነገር እንኳ በጊዜው ደረሰልኝ ብላ አሰበች።

ስሙ ተጠራ። መድረክ ላይ ወጣ። መድረክ መሪው ሪባኑን ፈታና ዋንጫውን ከፍ አድርጎ፣ የተጻፈውን በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ አነበበው።

«የዓመቱ... ምስኪን መምህር።»

መድረክ መሪው ዋንጫውን ወደ ዓይኑ አቀረበና እንደገና አነበበው፤ ምን ያድርግ፣ የተጻፈው እሱ ነው። ከፊት አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ መምህር ብድግ ብሎ «አልተሳሳተም፣ ሁላችንንም ነው የጻፈን!» አለ፤ አዳራሹ ፈረሰ። ሳቁ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ። ለንግግሮቹ በሁለት ጣት ሲያጨበጭብ የዋለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ከልቡ አጨበጨበ። በክፋት አይደለም፤ ክፋት ቢሆን በቀለለ። መምህሮቹ በራሳቸው ላይ ነበር የሚስቁት፤ መድረኩ ላይ የቆመው ግን እሱ ብቻ ነው።

ኃላፊው ማይኩን ያዘ። «ግድ የለም፣ ያው ነው፣ ያው ነው፤ ዋናው ሐሳቡ ነው» አለ። ይህን ጊዜማ ሳቁ ጥርስ የሚያስከድን አልሆነም።

ሚስትየው ለማጨብጨብ ያነሣቻቸውን እጆቿን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። መምህሩ ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ወርዶ ቦታው ተቀመጠ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ፈገግታውን የሚያወርድበት ጠፍቶት እስከ መጨረሻው እንደያዘው ቆየ።

ቀጥሎ የዳይሬክተሯ ተራ ሆነ። የእሷ ዋንጫ ላይ «ምስጉን ርዕሰ መምህርት» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊደሉ ሁሉ በየቦታው፣ አንዲት እንኳ ያልተዛነፈች። ወጥታ ተቀበለችው። እንደዚያን ቀን ትክክለኛ ጽሑፍ ጠልታ አታውቅም።

እንደወጣች ከአዳራሹ ደጃፍ ላይ ለቀራጩ ደወለች።

«ምስጉን ነው ያልኩት» አለችው።

«እናቴ፣ ‹ምስኪን መምህር ነው?› ብዬ ደግሜ ጠይቄዎት ‹አዎ፣ በትልቁ ጻፈው› አሉኝ እኮ» አላት ሰውየው። ከልቡ ደንግጧል። «ጆሮዬን እንዳልጠራጠር ደግሞ... መምህር ነውና እንግዳ አልሆነብኝም።»

ስልኩን ዘጋችው። መምህሩና ባለቤቱ ደረጃውን ሲወርዱ ሮጣ ደረሰችባቸው። ዋንጫውን በካርቶኑ አድርጎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ሚስትየው ሰላም ብላት ቀስ ብላ ቀድማ ሄደች።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለችው። «በስልክ ነው የተናገርኩት፣ ሳላጣራ። ስጠኝ፣ ነገውኑ እንደገና አሠራዋለሁ።»

ቃሏ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። እሱም ሰማት። ቀና ብሎ አያት፤ ቂም የለበትም፣ ቁጣም የለበትም፣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

«አይ፣ እንደገናስ ይብቃ» አለ። «እርስዎ ደክመውልኛል፣ አውቃለሁ። ግን ስህተት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልሳቁ። እኔ ስህተት ሳርም ነው የኖርኩት፤ ይሄኛውን የቱ ጋ እንደማርመው አላውቅም።» ብብቱ ሥር ያለውን ካርቶን አስተካከለ። «መጋዘኑ እስካሁን ሰው አላገኘም፤ ሰኞ እገባለሁ። ልጆቹን ደህና ሁኑ በሉልኝ።»

ሌላ ሒሳብ መምህር እንዲላክላት ያን ዕለት ወደ ኃላፊው ተመለሰች። «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ትለቁታላችሁ?» ብሎ ቆጣት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምትክ የለም፤ ለከርሞ ይታያል ተባለች።

ሰኞ የስምንተኛ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ልጆቹ ጸጥ ብለው ይጠብቁ ነበር። አልነገረቻቸውም፤ ወሬው ግን እንደ ልማዱ ቀድሟት ገብቷል። ፈተናው ቅርብ ነው፣ ክፍል ባዶውን አይተውም። ጠመኔውን አነሣችና መጽሐፉ ላይ ያገኘችውን ሰሌዳው ላይ ገለበጠች፤ ሦስት፣ ቅንፍ፣ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት። ከሒሳብ ከተለያየች ዘመን ሆኗታል።

«ማን ይሠራል?»

ከፊት አንዲት ሹሩባዋ የተፈታ ልጅ ወጣች። ጠመኔዋን እያንቋቋች ከላይ እስከ ታች ጻፈች። መልሷ አሥራ አራት ሲካፈል ለሦስት መጣ። ዳይሬክተሯ መስመሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የልጅቷ ጽሕፈት ንጹሕ ነው፤ ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ጎሽ» አለች። «በጣም ጥሩ። አጨብጭቡላት።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ልጅቷ ግን ወደ ቦታዋ አልሄደችም፤ ጠመኔዋን እንደያዘች ሰሌዳው ሥር ቆማ ቀረች።

«ተቀመጪ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

«ተሳስቻለሁ» አለች ልጅቷ።

«ማን አለሽ?»

«መልሱን መልሼ ሳስገባው አሥራ ሁለት አልሆነም። ስምንት ነው የሆነው።» ቃሏን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።»

ዳይሬክተሯ ዳስተሩን አነሣች። ወደ ሰሌዳው ቀረበች። ጣቷን ወደ ላይኛው መስመር ሰደደች፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው አወረደች፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ክፍሉ በሙሉ ጣቷን ይከተላል። እዚህ ነው ብላ የምታሳርፍበት አጣች። እጇን እንደዘረጋች ቆየች፤ ደወሉ ሲደወልም ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።