አጣቢዋ ያየችው

ሐምሌ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሸዋዬ አረፈች። ሦስት ቀን ሆዷን ይዛ ስትገላበጥ ነበር የሰነበተችው። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ቢሏት እግራቸው ላይ ወድቃ እምቢ አለች። ሐኪም ቤት ልብስ ያስወልቃሉ። ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ በልጅነቷ እናቷ ያስነቀሰቻት መስቀል አለ። አምስት ዓመት ሙሉ በረጅም እጅጌ ሸፍናው ኖራለች፤ ድንበር ማዶ፣ ጋአን ሊባህ በሚባል የሶማሌዎች ሰፈር በምትሠራበት ቤት ስሟ መሪማ ነበርና። ሙስሊም ነኝ ብላ ነው የተቀጠረችው።

ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ ትዝታ፣ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ። ሁለቱ ድንበሩን በቶጎ ውጫሌ በኩል የተሻገሩት በአንድ ቀን ነው። ደላላው፣ «ሰው ጓዳው የሚያስገባትን ሴት ሃይማኖቷን ይጠይቃል» ብሎ ለትልቋ መሪማ፣ ለትንሿ አዚዛ የሚል ስም አወጣላቸው። ትዝታ አዚዛ ተብላ ቀረች።

ዋዜማውን ሸዋዬ እጇን ይዛ፣ «ትዝትዬ፣ ከሞትኩ በክርስትና ስሜ ሳልፈታ አፈር እንዳልገባ። አደራ» ብላት ነበር። ትዝታም፣ «ኧረ እትዬ፣ ነገ ተነስተሽ ትቆጪኛለሽ» ብላ ሳቀችባት።

አሁን ትዝታ እየሮጠች ስትገባ የሸዋዬ አሠሪ ዓናብ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ዓናብ በአገሯ በነበረው ጦርነት ጊዜ ተሰዳ ጅጅጋ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከትዝታ አያንስም።

«ነይ አዚዛ፣ ነይ እናቴ። ኢንና ሊላሂ። እህቴ ነበረች እኮ! እንደ ሠራተኛ አልቀብራትም፤ ከእናቴ ጎን ነው የማሳርፋት። ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ይወስዷታል።»

 ዓናብ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ለትዝታ ይቀላት ነበር።

ወደ ጓሮ ወጣችና ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆማ ለአስረስ ደወለች። አስረስ ዳሚ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ግንበኛ ነው፤ የአገር ልጅ ሲሞት ሬሳ የሚያሸኘው እሱ ነው።

«መኪና አላጣም፤ ጅጅጋ ቤተ ክርስቲያን እናደርሳታለን» አላት። «ግን እኔ ከመንገድ መጥቼ የሰው ቤት ሬሳ አምጡ አልልም። ክርስቲያን ናት ብለሽ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው።»

«አንቺስ ማነሽ ቢሉኝ?»

«ቢሉሽስ? እኔ ማተቤን አስሬ ስድስት ዓመት ብሎኬት ስሸከም አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።»

«አንተ የምትነካው ብሎኬት ነው አስረስ። እኔ ምግባቸውን ነው የምነካው፤ ልጃቸውን ነው የማጥበው።»

 «እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቅሻለሁ» አለና አስረስ ስልኩን ዘጋው።

ትዝታ እጇ ላይ አንዲት የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ተናግራ ያን ዕለት ከቤት ብትወጣ የምታድርበት የለም፤ ከእንግዲህ የሚቀጥራትም አይኖርም። ዝም ብትል ደግሞ አደራው አለ። እንዲህ እየተብሰለሰለች ሳለ አንድ ነገር ታሰባት። ሊያጥቧት ነው። ሲያጥቧት ክንዷ ይገለጣል። እሷ አፏን ሳትከፍት መስቀሉ ራሱ ይናገራል!

«ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ» ብላ ገባች።

የሰፈሩ ሬሳ አጣቢ ሮዳ የምትባል ምላሷ የማይታጠፍ አሮጊት ናት። ዓናብ አልቻለችም፤ ውጭ ቀረች። በሩ ተዘጋ።

«ቀስ! ሰው ነው የምናጥበው፣ ምንጣፍ አይደለም» አለች ሮዳ በሶማልኛ። «ወይ ልጅ! ውሃ ማፍሰስም አላስተማሩሽም?»

ጨርቁን ከሸዋዬ ትከሻ ገለጥ ስታደርግ እጇ ቆመ። መስቀሉን አየችው። እድፍ እንደሆነ ሁሉ አንዴ በአውራ ጣቷ ፈተግ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ ትዝታን ተመለከተች። ትዝታ ባልዲው ላይ አፍጥጣ፣ በልቧ «በይ ጥሪያቸው፣ በይ ጩኺ» ትላለች።

ሮዳ ጨርቁን መልሳ ክንዱን ሸፈነችው። እጇን ከሥር አስገብታ ማጠቧን ቀጠለች።

«አጣቢ ከሬሳ ላይ ያየችውን አታወራም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሰውን ገመና የሸፈነ፣ አላህ ገመናውን ይሸፍንለታል። ይሄ ከመስለሟ በፊት የነበረ ነገር ነው። ይቅር ብሏታል።»

ትዝታ ባልዲው ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች።

«ተሳሳትኩ?» አለች ሮዳ። እጇ ሬሳው ላይ እንዳለ ነው። ዓይኗ ከትዝታ ፊት ወርዶ እስከ እጅ አንጓዋ ድረስ የተጎተተው እጅጌዋ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆየ። «ከተሳሳትኩ አሁን ንገሪኝ፤ የከፈኑ ጨርቅ ከታሰረ በኋላ አልሰማሽም።»

ከውጭ የዓናብ ልቅሶ ይሰማል። የጎረቤት ሴቶች፣ «ሰብር አድርጊ፣ ሰብር አድርጊ» እያሉ ያጽናኗታል። ከመካከላቸው የትዝታ አሠሪ ድምፅ ጎልቶ ይለያል።

«አልተሳሳቱም» አለች ትዝታ።

«እንግዲያው ውሃውን አምጪው።»

ቀዳች። አፈሰሰች። ቀዳች።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ አላነሳችውም። ወንዶቹ መጡ፤ ቃሬዛውን አንስተው እየተቀባበሉ በፍጥነት ወጡ። ሴት መቃብር አትሄድምና ሴቶቹ በር ላይ ቀሩ። አገር ቤት ቢሆን ትዝታ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ደረቷን እየመታች፣ በስሟ እየጠራች ታለቅስላት ነበር። እዚህ ድምፅ አውጥታ ልትጠራት የምትችለው መሪማ ብላ ብቻ ነው። እሱንም አልጠራችውም። ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ ቆመች። ዓናብ እቅፍ አድርጋት፣ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አዚዛ» አለቻት።

አስረስ ለሸዋዬ እናት መርዶ ሲያስነግር፣ ክርስቲያኖች አጅበው ቀበሯት ተብሎ ይነገራት አለ፤ እንደዚያው ተነገራት። በጥቅምት ትዝታ ከጎረቤት ቤት ወጥታ በሸዋዬ ቦታ ዓናብ ዘንድ ገባች። ዛሬም የምትሠራው እዚያው ነው።