ወረቀት የተጠቀጠቀበት ካሴት

ቆንጂት የሚስተር ፔንፎልድን አራተኛ ካሴት አበላሸችው። እሁድ ከሰዓት፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ለእናቷ የድምፅ ደብዳቤ ቀዳችበት። ማበላሸቷን ያወቀችው ማክሰኞ ነው።

ሚስተር ፔንፎልድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እዚያው ከተማ ሰሜን፣ ኖርዝ ዮርክ፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቆንጂት ከኤጀንሲ ተልካ በሳምንት አራት ቀን ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። እንግሊዝ አገር ሳሉ የሬዲዮ ሰው ነበሩ። ተናጋሪ ሳይሆኑ ድምፅ ሠሪ። ድራማው ውስጥ በር ሲዘጋ፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ሰው ጠጠር ላይ ሲራመድ፣ የሳቸው እጅ ነው። ፈረሱ ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት ነው። ቆንጂት ይህችን ወሬ አርባ ጊዜ ሰምታታለች።

የማክሰኞውን ነገር ግን አልሰማችም ነበር።

"ዛሬ ቀኑ ነው" አሏት፣ ገና ኮቷን ሳታወልቅ።

"የምን ቀን?"

"የኛ ቀን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1953 አንድ ቀን፣ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ያሰማውን አንድ የሥራ ጓደኛቸው ቀድቶላቸዋል። በዚያ ቀን ሦስት ፕሮግራም ላይ ሠርተዋል። ዋናው ቅጂ አገር ሲቀይሩ ጠፋ፤ የተረፈው ኋላ ላይ ከሱ የተገለበጠ ስድስት ካሴት ነው። በዓመት አንዴ፣ በዚያው ቀን፣ የጠዋቱን ጠዋት፣ የምሳውን በምሳ ሰዓት፣ የማታውን ማታ ይሰሙታል። አምና ይህ ቀን ሲውል ቆንጂት ገና አልተቀጠረችም።

አንደኛውን ከተተችላቸው። ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚለቀቅ ሙዚቃ ነው፣ አኮርዲዮን የበዛበት። አጃቸውን እየበሉ በማንኪያው ጠረጴዛውን ይመቱ ጀመር። ሁለተኛው ላይ አንዲት ሴትዮ በራሽን ስኳር ኬክ እንዴት እንደሚጋገር ስታስረዳ ቆየች። ሦስተኛው የልጆች ተረት ነው። ቆንጂት በመሀሉ አልጋቸውን አነጠፈች፣ ሸሚዛቸውን ተኮሰች።

"ቀጥሎ ኤዲት ናት" አሉ።

ኤዲት ሚስታቸው ናቸው። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

"እሳቸውም ሬዲዮ ላይ ይሠሩ ነበር?"

"የለም። የቀልድ ፕሮግራሙን የምንሠራው ሰው በሞላበት አዳራሽ ነው፣ ሳቁ የእውነት እንዲሆን። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የእርምጃ ድምፅ የማወጣበት የጠጠር ትሪ ከእጄ አመለጠ። ስክሪፕቱ ላይ የለም። ከሁሉም ቀድማ የሳቀችው ኤዲት ናት። ከዚያ ሳቅ ሌላ የድምጿ ቅጂ የለኝም። አምጪው።"

ቆንጂት መሳቢያውን ከፈተች። አምስት አለ። ስድስት አለ። አራት የለም።

አራት የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ "ባዶ ካሴት ከመሳቢያው ውሰጂ" ያሏት ራሳቸው ናቸው። ዓርብ ዕለት መሳቢያውን ወልውላ ባዶውን ከተቀዳው የደባለቀችው ደግሞ እሷ ናት። ጥግ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ቁጥር ልብ አላለችውም። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረው ነበር። አይታዋለች። እዚህ አገር ያ ማለት እዚህ ላይ እንዳትቀዱ ማለት ነው። እነ ቆንጂት ሰፈር ግን እንዲያ ማለት አልነበረም። ወረቀት ታኝኪያለሽ፣ ቀዳዳው ውስጥ ትጠቀጥቂያለሽ፣ ትቀጂያለሽ። እጇ ሳታስበው ነው የሠራው። ያኘከችው ትራንስፈር የሚሉትን የአውቶቡስ ቲኬት ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ገረመው ነው፣ ባለታክሲው፣ ሐሙስ አዲስ አበባ የሚበረው።

"ቆንጂ፣ ካሴቷን ከምሳ በኋላ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ ታዲያ! ሰፊያ ብቻዋን አራት ኪሎ ጫማ ጭናብኛለች። አህያ መሰልኳችሁ እንዴ?"

"ገሬ፣ ቆይ።"

"ምን ቆይ አለው? ሻንጣው ሊዘጋ ነው እኮ!"

"መልሼ ኮል አደርግሃለሁ።" ዘጋችበት።

የት እንዳስቀመጡት ረስተውት ነው ብትላቸው ያምኗታል። ባለፈው ወር ጥርሳቸውን ያገኘችው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ልጃቸውም ያምናታል፣ ኤጀንሲውም ያምናታል። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። ለአራተኛው ካሴት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ።

ቦርሳዋን አመጣች።

"ሚስተር ፔንፎልድ፣ ካሴቱ እኔ ጋ ነው። ላዩ ላይ ቀድቼበታለሁ። ባዶ መስሎኝ ነው።"

ካሴቱን አዩት።

"ስንት ደቂቃ?"

"አስራ ሁለት። አስራ ሦስት።"

"ክፈቺው።"

"የሳቸው ሳቅ የት ጋ ነው? መጀመሪያው ላይ ነው ወይስ..."

"ክፈቺው አልኩሽ።"

ከፈተችው። እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ አለች ካሴቱ ውስጥ ያለችው ቆንጂት። ቲጂ ወለደች። የኔነሽ ሥራ ቀየረች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ማንቆርቆሪያ ጥደሽ ነበር" አሉ።

"አዎ።"

"መስኮቱም ክፍት ነበር።"

"አዎ።"

"አሁን ምን እያልሽ ነው?"

"ስለ እርስዎ ነው። ሽማግሌው ማሞቂያ አያበሩም፣ ሹራብ ደርቤ ነው የምሠራው እያልኩ ነው።"

"ውሸት!"

"ዛሬም ደርቤያለሁ፣ ይኸው።"

አላዩዋትም። ጣታቸው የወንበሩን እጀታ ጨብጧል። ቆንጂት ቆማ ጠበቀች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የራሷ ድምፅ አስጠልቷት አያውቅም። ምን ይሄን ሁሉ አስለፈለፈኝ፣ አለች በልቧ።

በመጨረሻ ደህና ሁኚ እማዬ አለች፣ ካሴቱ ቀጭ አለ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅ ተሰማ። ከመሀሉ ነው የጀመረው። ከሁሉም በላይ አንዲት ሴት ትስቃለች፣ ስቅ እንዳላት ሰው እየተቆራረጠች። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ተዋናዩ ንግግሩን ቀጠለ።

ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ። አጠፋችው።

"ትሪው ሄዷል" አሉ። "የሳቋ መጀመሪያም ሄዷል። ይሄ ጭራው ነው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"መልሺው።"

መለሰችው። አምስት ጊዜ መለሰችው። በየጊዜው ቀድማ የምትመጣው እሷው ናት፣ ደህና ሁኚ እማዬ፣ ቀጭ፣ ኤዲት። በአምስተኛው ሚስተር ፔንፎልድ ከካሴቱ እኩል "ደና ሁኚ ኤማዬ" አሉ።

"አሁን ማንም እንዳይነካው" አሉ።

ቆንጂት ካሴቱን አወጣች። ከፀጉሯ ሽቦ ነቅላ የታኘከውን ወረቀት ከቀዳዳው አወጣችው። ከዚያ ለገረመው ኮል አድርጋ እንዳይመጣ ነገረችው።