ስምንተኛ ፎቅ በስልክ

እኔ የሰው በር እያንኳኳሁ «በመኖሪያዎ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት? ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ይስጡኝ» የምል ሰው ነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የትኛውን ሕንፃ ቀድሞ እንደሚጠግን የሚወስነው በዚህ ቁጥር ነው። ነዋሪው የተከፋበት ይቀድማል። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ጠያቂው በር ድረስ ሄዶ፣ ቤቱን በዓይኑ አይቶ፣ ፊት ለፊት ጠይቆ ይሙላ ይላል።

አንድ ቀን የአክስቴ ሕንፃ ደረሰኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። የምትኖረው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። እስከ አራተኛው ፎቅ እንደ ደንቡ በር በር እያንኳኳሁ ወጣሁ። ከዚያ በላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ኧረ ውሸቴን ነው! ጉልበቴ ምንም አልሆነም፣ ሰነፍኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ደወልኩላት።

«እቴቴ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን! ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው? አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱማ ምን ይላል! ፀሐይ እንደ ልብ ነው።»

ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ለጎረቤቶቿም ማንንም ሳልጠይቅ ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት እያልኩ የላዮቹን ፎቆች ጨረስኩ። አቤት ፍጥነቴ! በጊዜ ቤቴ ገባሁ።

ውጤቱ በወሩ ወጣ። ሕንፃው ደስተኛ ከተባሉት ተርታ ተመደበ፤ ሊፍቱም ለሁለት ዓመት ከጥገና ዝርዝር ወጣ። ሳነበው ክው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስምንቱንም ፎቅ ወጣሁ። እቴቴ በሩን የከፈተችልኝ ግድግዳ ይዛ ነው። አንድ ጉልበቷ አብጧል። ከአልጋዋ እስከ ወጥ ቤት ስትሄድ መሃል ላይ የምታርፍበት ወንበር አስቀምጣለች።

«ከወረድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት።

«እንጃ፣ ከክረምቱ በፊት መሰለኝ። የሐኪም ቀጠሮዬም ሁለቴ አለፈኝ።»

«ታዲያ ስደውልልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ነሽ አልሽኝ፣ ደህና ነኝ አልኩሽ። ሌላ ምን ልበል? በስልክ ላስጨንቅሽ?»

ያደረግሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አልተቆጣችም። ምነው በጥፊ ባለችኝ!

«ቢሮ ሄጄ ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ» አልኳት፣ «ሕንፃው እንደገና ይጠየቃል። ሊፍቱም ይሠራል።»

«አንቺንስ?»

«ያባርሩኛል።»

እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። «በሞቴ እንዳትናገሪ! ስንት ዓመት ሥራ ፈልገሽ ያገኘሽው ነው። እኔ ደግሞ የት እሄዳለሁ? ሁለት ዓመት ምን አላት፣ እንዲሁ እዚሁ ቁጭ እንዳልኩ ታልፋለች።»

እምቢ ልላት ይገባ ነበር። ያንን ያበጠ ጉልበት እያየሁ «እሺ» አልኳት። እሷ እፎይ አለች። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ እፎይ አልኩ።